“ያኔ ባትውጪው ኖሮ…”

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 29 ነው፤ የምኖረው አዳማ ነው። ባለትዳር ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ወንድ ነው፤ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። አሁን ደግሞ የ22 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ።

ልጄ እስካሁን አፉን አልፈታም። “ማማ” ይላል፣ ውሃ ሲፈልግ “ቧ” ይላል፤ ሌላ የለም። በስሙ ስጠራው ብዙ ጊዜ አይዞርም። የሚፈልገው ነገር ሲኖር በጣቱ አያሳየኝም፤ እጄን ይዞ ይጎትተኛል። የለስላሳ ቆርኪ መደርደር ይወዳል፤ ሰዓት ሙሉ ቢደረድር አይሰለቸውም። አማቴ “አባቱም 3 ዓመት ሞልቶት ነው ያወራው፤ ወንድ ልጅ ይዘገያል” ስትለኝ ተጽናንቼ ነበር።

ከጥቂት ወራት በፊት አሜሪካ ያለችው የባለቤቴ እህት አንድ ቪዲዮ ላከችልን። እርጉዝ ሴት ታይሌኖል ከወሰደች ልጇ ኦቲዝም ይይዘዋል ይላል። ታይሌኖል ማለት ፓራሲታሞል መሆኑን ሳውቅ ጉልበቴ ከዳኝ። ልጄን ባረገዝኩ ጊዜ ራሴን ያመኝ ስለነበር በሳምንት ሁለት ሦስት ፍሬ እውጥ ነበር። ባለቤቴ ቪዲዮውን አይቶ ምንም አላለም። ማታ መብራት ካጠፋን በኋላ ግን “ያኔ ባትውጪው ኖሮ…” ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተነው አናውቅም።

ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ያዘኝ። ጎረቤቴ በቴርሞሜትሯ ስትለካኝ 39 ነበር። ሁለት ሌሊት ጨርቅ እያረጠብኩ፣ አንድም መድኃኒት ሳልቀምስ ቻልኩት። አማቴ ዳማከሴ አሸተተችኝ፤ ጤና አዳምም ጨምቃ አጠጣችኝ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ራስ ምታቱ ግን እስካሁን አለ። የባለቤቴ እህት “ይሄ ታይሌኖል አይደለም፣ አይጎዳሽም” ብላ በሰው አድቪል ልካልኛለች። ኮመዲኖው ላይ ተቀምጧል። ልውሰደው ስል እፈራለሁ፣ ልጣለው ስል ራሴ ይፈነዳል።

ልጄን ያበላሸሁት እኔ ነኝ? ሆዴ ውስጥ ላለውስ ምን ላድርግለት? አደራዎን፣ ስሜን አይጥቀሱ።

የአዳማዋ እናት


መልስ

እህቴ፣ በቅድሚያ ኮመዲኖው ላይ ያለውን እንጨርስ። የቀረው ቢቆይ ይቆያል፤ እሱ ግን አይቆይም።

አድቪል ማለት አይቡፕሮፌን ነው። ዳይክሎፌናክም የዚያው ቤተሰብ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች እርግዝና 20 ሳምንት ካለፈ በኋላ ሐኪም አይቶ ካላዘዘ በስተቀር አይወሰዱም። የፅንሱን ኩላሊት ሥራ ሊያዳክሙና የሽርት ውሃውን ሊያሳንሱ ይችላሉ። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ በልቡ አጠገብ ያለችውን፣ እስኪወለድ ድረስ ክፍት ሆና መቆየት ያለባትን የደም ቧንቧ ያለጊዜዋ ሊዘጉ ይችላሉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለ 20ኛው ሳምንት ያስጠነቀቀው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። የባለቤትሽ እህት ክፉ አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከፓራሲታሞል ልታሸሽሽ ብላ ከድጡ ወደ ማጡ ወሰደችሽ እንጂ። ስለዚህ አድቪሉን ለባለቤትሽ ስጪው፤ እሱ ወገቡን ሲያመው ይውሰደው።

ራስ ምታቱም ለነገ የሚባል አይደለም። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ አልለቅ የሚል ራስ ምታት ሲኖር በመጀመሪያ የሚታሰበው የእርግዝና ደም ግፊት ነው። ግፊትሽ ከተለካ ስንት ጊዜ ሆነው? ዓይንሽ ብዥ ይላል? ፊትሽና እጅሽ አብጧል? ከጎድንሽ ሥር በቀኝ በኩል ያምሻል? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ “አዎ” ካልሽ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጪውና አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ሁሉም “የለም” ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

እዚያ ስትደርሺ የባለፈውን ሳምንት ትኩሳት አንስተሽ ደም አስመርመሪ። አዳማ ወባ ያለበት ከተማ ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ብቻ በሀገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ወባ ይዞታል። ወባ መጥቶ የሚሄድ፣ ተመልሶ የሚመጣ በሽታ ስለሆነ “ለቀቀኝ” ማለት ዳንኩ ማለት ላይሆን ይችላል። በእርጉዝ ላይ ደግሞ ደም ያሳንሳል፤ ፅንሱንም ይጎዳል። ለነፍሰ ጡር የሚሆን መድኃኒት አለ፤ ግን ሁሉም አይሆንም። ለምሳሌ ፕሪማኩዊን ለእርጉዝ አይሰጥም። ስለዚህ ሆድሽ ገና ብዙም ባይታይ እንኳ ለሚያክምሽ ሰው እርጉዝ መሆንሽን አፍ አውጥተሽ ንገሪው። ሽንትሽም ይታይ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በእርግዝና ጊዜ የተለመደ ነው፤ ትኩሳትም ያመጣል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የወሰድሽውን ሁሉ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ብዙ ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። “ምን መድኃኒት ወስደሻል?” ስል የማገኘው መልስ ሁልጊዜ “ምንም” ነበር። ምርመራው ያልቅና እናትየዋ ወደ በሩ ስትሄድ ዞር ብላ “ሲስተር፣ አንድ ሁለት ፍሬ እንኳ…” ትለኛለች፤ ጤና አዳሙም፣ ኮሶውም፣ ከጎረቤት የተዋሰችው ክኒንም ያኔ ነው የሚወጣው። የሚፈሩት እኛን ነበር፤ እንቆጣቸዋለን ብለው። እውነት ለመናገር አንዳንዶቻችን እንቆጣም ነበር።

ጤና አዳምን ካነሳሁ አይቀር፣ ለአማትሽ በአክብሮት አንድ ነገር ንገሪልኝ። ዳማከሴውን ማሽተቱ ይሁን፤ ጤና አዳም ጨምቆ መጠጣቱ ግን እስክትወልጂ ይቅር። ማህፀንን እንደሚያነሳሳ ከጥንት ጀምሮ ይነገርለታል። ቅጠል መሆኑ ብቻውን ደህና አያደርገውም። ስለ አንዲት ፍሬ ፓራሲታሞል ይህን ያህል የተጨነቀ ቤት አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ሳያመነታ ማጠጣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ እንምጣ። የወሰድሽው ፓራሲታሞል ልጅሽን ጎዳው የሚያስብል ማስረጃ የለም። ይህን ላጽናናሽ ብዬ እንዳልተናገርኩት እንድታውቂ ትንሽ ልዘርዝረው።

ያ ቪዲዮ የመጣው ከየት ይመስልሻል? በ2018 ዓ.ም. መስከረም ላይ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ እርጉዞች ታይሌኖል እንዳይወስዱ በአደባባይ ተናገሩ፤ ከኦቲዝም ጋር አያያዙት። ወሬው በማግስቱ ዓለምን አዳረሰ። የዓለም ጤና ድርጅት በሁለተኛው ቀን ይህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንደሌለ ገለጸ፤ የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅና የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም ተመሳሳይ መልስ ሰጡ። መልሱ ግን እንደ ቪዲዮው በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ አልዞረም።

ነገሩ ከሜዳ የተነሳ ነውም አልልሽም። አንዳንድ ጥናቶች ፓራሲታሞል በወሰዱ እናቶች ልጆች ላይ ትንሽ ልዩነት አይተዋል። ነገር ግን እስኪ አስቢው፤ ክረምት ላይ ጃንጥላ የያዘ ሰው ሁሉ እግሩ ረጥቦ ታገኚዋለሽ። ያረጠበው ጃንጥላው ነው? ፓራሲታሞልም ዝም ብሎ አይዋጥም። የሚውጠው ትኩሳት ያለበት፣ ኢንፌክሽን የያዘው፣ ማይግሬን የሚያሰቃየው ሰው ነው። ታዲያ ልዩነቱ የመጣው ከክኒኑ ነው፣ ከሕመሙ ነው ወይስ በቤተሰብ ከሚወረሰው ነገር? የስዊድን ተመራማሪዎች ይህን ለመለየት ብለው ከ1995 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆችን መዝገብ አዩ። በደምሳሳው ሲያዩት ትንሽ ልዩነት ነበር። ከዚያ የአንድ እናት ልጆችን፣ ፓራሲታሞል እየወሰደች የወለደችውንና ሳትወስድ የወለደችውን፣ ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ልዩነቱ ጠፋ። በኦቲዝምም፣ ትኩረት በማጣትም፣ በአእምሮ ዕድገት ውስንነትም። ጥናቱ የታተመው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው።

የወሰድሽውንም መጠን እንቁጠረው። በሳምንት ሁለት ሦስት ፍሬ ማለት ከአንድ እስከ አንድ ግራም ተኩል ነው። ለአዋቂ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ከ8 ፍሬ፣ ማለትም ከ4 ግራም እንዳይበልጥ ነው የሚባለው። አንቺ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንኳ የአንድ ቀኑን ጣሪያ አልነካሽም።

“አባቱም 3 ዓመት ሞልቶት ነው ያወራው” ያሉትን የአማትሽን ቃል ደግሞ አትርሺው። እሳቸው ያሉት ሊያጽናኑሽ ነው፤ እኔ ግን ሳነበው ቆም አልኩ። የንግግር መዘግየትም ሆነ ኦቲዝም በቤተሰብ የመሄድ ዝንባሌ አላቸው፤ ኦቲዝም ላይ ትልቁ ድርሻ የዘር ውርስ እንደሆነ ይታወቃል። ወደ ልጆች ሐኪም ስትሄዱ ይህን ለሐኪሙ ንገሩት። ባልሽን መልሰሽ እንድትወቅሽበት ግን አይደለም፤ ዘሩን መርጦ የወረሰ የለም።

እናትን መውቀስ የቆየ ነገር ነው፤ የእኛ ብቻም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1943 እ.ኤ.አ. ኦቲዝም በስሙ ተለይቶ ከተጻፈ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ “ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ልቧ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው” ይሉ ነበር። ስንቷ እናት ያንን ተሸክማ ኖራ አርጅታለች። በኋላ ውሸት መሆኑ ታወቀ። እኛ ዘንድ ደግሞ ቡዳ ነው፣ እርግማን ነው ተባለ። ነፍሷን ይማረውና ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሳ፣ የራሷ ልጅ ኦቲዝም ያለበት እናት ሆና፣ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ስትከፍት በየቤቱ የተደበቁ ልጆች ነበሩ፤ የሚደበቁትም እናታቸው እንዳትወቀስ ነበር። አሁን የተራው ባለወቀሳ ፓራሲታሞል ሆነ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፦ ጥፋተኛ ፍለጋው ልጁ የሚያስፈልገውን ጊዜ ይበላበታል። ቪዲዮው ከደረሳችሁ ወራት አልፈዋል ብለሻል። በእነዚህ ወራት ልጁን ያየው ሐኪም አለ?

ልጅሽ ኦቲዝም አለበት አልልሽም፤ በደብዳቤ የሚታወቅ ነገር አይደለም። ግን በስሙ ሲጠራ አለመዞር፣ በጣት አለማሳየት፣ ሁለት ዓመት አልፎት ሁለት ቃል አለማገናኘት፤ እነዚህ “ወንድ ልጅ ይዘገያል” ተብለው የሚታለፉ አይደሉም። መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። የከረሜላ ወረቀት ከኋላው ሲንኮሻኮሽ ይዞራል? ቢዞርም ይመርመር፤ ግማሽ የሚሰማ ልጅ የወረቀቱን ድምፅ ሰምቶ የሰውን ንግግር ላይለየው ይችላል። ቀጥሎ የልጆች ሐኪም ይየው። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የሚሆን 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ ወላጅ የሚመልሰው ነው። የአንቺ ልጅ 28 ወሩ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የላችሁም፤ በዚህ ወር ውስጥ ሂዱ። ሐኪሙ ይቀጥል ካለ አዲስ አበባ ውስጥ ከጆይ ሌላ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። ከአዳማ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው።

ቀጠሮው እስኪደርስ ግን እጅሽን አጣጥፈሽ አትጠብቂ። ቆርኪውን አትንጠቂው። አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጪ፤ ፊትሽ ከፊቱ ትክክል ይሁን። ቆርኪዎቹን አንቺ ያዢና አንድ በአንድ ስጪው። “አንድ… ሁለት…” በዪና ሦስተኛውን እጅሽ ውስጥ ይዘሽ ዝም በዪ። እስኪያይሽ ጠብቂ። ቢያይሽ፣ ድምፅ ቢያወጣ፣ እጁን ቢዘረጋ ወዲያው ስጪው። እጅሽን ሲጎትትሽም አብረሽው ሂጂና በጣትሽ እያሳየሽ “ውሃ? ውሃ ነው?” በዪው። ኩኩሉ ተጫወቱ፤ ባትሰሚው እንኳ “አልነጋም” የሚለውን አንቺው መልሺለት። ተራ መጠበቅ፣ መስማት፣ መመለስ፣ የንግግር ሥሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ስልክ ይሰጠዋል? ጽፈሽ አላየሁም፤ ግን የዛሬ ልጅ ነውና እገምታለሁ። ስልክ ኦቲዝም አያመጣም፤ ግን መልስ የሚሰጠውን ሰው ቦታ ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ዕድሜ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ ይላል።

ሆድሽ ውስጥ ስላለው ጠይቀሽኛል። ትኩሳትም ዝም ብሎ የሚቻል ነገር አይደለም። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኃይለኛ ትኩሳት ራሱ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል፤ አንቺ ያንን ጊዜ አልፈሽዋል። ይህን የምነግርሽ ሌላ ወቀሳ ልጨምርብሽ ሳይሆን፣ ክኒኑን አለመውሰድሽ ፅንሱን ጠበቀው ብለሽ እንዳታስቢ ነው። ከእንግዲህ 38 ከገባ ወይም ራስሽን በጣም ካመመሽ፣ ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ትወስጃለሽ። ድጋሚ ካስፈለገ ስድስት ሰዓት ጠብቂ። የጉንፋን መድኃኒት ከጨመርሽ ካርቶኑን አንብቢ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያው ፓራሲታሞል አለ። ትኩሳት ሲሆን ደግሞ ክኒኑ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድን አይተካም፤ በዚያው ቀን ተመርመሪ። በክትትል የሚሰጡሽን የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን “መድኃኒት ነው” ብለሽ ትተሽው ከሆነም መልሰሽ ጀምሪ። ቪዲዮውን ካዩ በኋላ እሱንም ያቆሙ አጋጥመውኛል።

በመሃል ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ቃል። ፅንስን እንደሚጎዱ በትክክል የታወቁ መድኃኒቶች አሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮት አንዱ ነው፤ ከ100 ልጆች 10 ገደማው የአካል ጉድለት፣ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት የዕድገት ችግር ሊገጥማቸው ይችላል። የምትወስዱት ካላችሁ ሳታረግዙ በፊት ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። ግን በራሳችሁ አታቁሙ። በድንገት ሲቆም የሚመጣው መንቀጥቀጥ እናትንም ልጅንም ሊገድል ይችላል።

እህቴ፣ የባለቤትሽ ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ይቀረናል። አንቺ በልብሽ ጨርሰሽዋል፤ “ባትውጪው ኖሮ ልጄ ደህና ይሆን ነበር” ብለሽ። ምናልባት እንደዚያ ሊል ነበር። ምናልባት ደግሞ ከአፉ ሲወጣ ሰምቶት አፍሮ ተወው። ፊቱን ያዞረ ወንድ ሁሉ ተቆጥቶ አይደለም፤ አንዳንዱ እንባውን ሊደብቅ ነው የሚዞረው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የትኛው ይመስልሻል? ማታ በጨለማ አትጠይቂው። ወደ ልጆች ሐኪም ስትሄዱ አብሮሽ ይምጣ፤ የስዊድኑንም፣ የጃንጥላውንም ከእኔ ወይም ከአንቺ ሳይሆን ከሐኪሙ ይስማ። ስትመለሱ የሆነ ቦታ ቁጭ ብላችሁ ሻይ እየጠጣችሁ “ያን ዕለት ማታ ልትለኝ ጀምረህ የተውከው ምን ነበር?” በዪው። ከዚያ ዝም በዪ፤ መከላከያ አታዘጋጂ። የሚለው ነገር ከከበደሽ ይህን ጽሑፍ አሳዪው። አንቺም ለብቻሽ የያዝሽውን ንገሪው፤ 39 ትኩሳት ይዞሽ ሁለት ሌሊት ክኒን ፈርተሽ መቆየትሽን ያውቃል? ካላወቀ ይወቅ።

እንቅልፍስ ትተኛለሽ? ምግብስ ይበላልሻል? ይህን ሳትጽፊ ቀረሽ። ማልቀሱና እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ክትትል ላይ ስትሄጂ ከግፊቱ ጋር እሱንም ንገሪያቸው፤ እሱም ይታከማል።

ለባለቤትሽ እህት ደግሞ አመስግነሽ ጻፊላት። እንደምትወዳችሁ ያስታውቃል፤ ከዚያ ሆና የምታደርገው ጠፍቷት ነው። በሚቀጥለው ሰው ሲመጣ ቴርሞሜትር ላኪልን በያት። ባትሪውንም እንዳትረሳ።